የወፍጮው ሞተር ለምን ተቃጠለ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። «ይኼ የተማረ ሰው ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ወፍጮ ሲቆም እህል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ማን ነው? ቆጥቦ ያዋጣው ገንዘብ የሚቃጠለው የማን ነው? የእኛው ነው። እንግዲያው የወፍጮው ነገር የእኛ ነገር ነው።

ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ በጉና ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዱ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጡ። በግ የሸጠ አለ፤ ገብስ የሸጠ አለ። በገንዘቡም የኤሌክትሪክ ወፍጮ አቆሙ። እናቶች እልል አሉ። ወፍጮው ዓመት እንኳ ሳይሞላው አንድ ቀን ጠዋት ሞተሩ ጨሰ። ሽታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። በማግስቱ እናቶች እንደ ድሮው እህሉን በጀርባቸው አዝለው ወደ ሩቅ ወፍጮ መንገድ ጀመሩ።

እኔ የተጠራሁት ከተቃጠለ በኋላ ነው። «ሞተሩ መጥፎ ነበር፤ ነጋዴው አታለለን» አሉኝ። ሞተሩን ፈትተን አየነው። ሞተሩ ደህና ሞተር ነበር። ታዲያ ለምን ተቃጠለ? ይህን ለማወቅ አስቀድመን ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ እንይ።

ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል?

ጉና ላይ የሚዘንበው ዝናብ በጉማራና በርብ ወንዞች አድርጎ ጣና ይገባል። ከጣና የሚወጣው ውሃ ከፊሉ በዓባይ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል። እዚያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ነው። ከፊሉ ውሃ ደግሞ ተራራ ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እንግዲህ የእኛው ተራራ ውሃ ወርዶ ማሽን ያዞራል፤ ኃይሉም በሽቦ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል ማለት ነው።

ውሃ በቦይ መጥለፍ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ውሃው ከከፍታ ሲወርድ ይገፋል። ከፍታው በበዛ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። በኤሌክትሪክ ይህ ግፊት «ቮልት» ይባላል። በቦዩ የሚያልፈው የውሃ ብዛት ደግሞ «አምፔር» እንደሚባለው ነው። ግፊቱና ብዛቱ ሲባዙ የሥራውን ጉልበት ይሰጣሉ። ጉልበቱ «ዋት» ይባላል። አንድ ሺህ ዋት አንድ ኪሎዋት ነው።

በትልልቁ ምሰሶ ወደ መንደር የሚመጣው መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ነው። ይህ ሰው ይገድላል። ትራንስፎርመሩ ቀንሶ ለቤት 220 ቮልት፣ ለወፍጮ 380 ቮልት ያደርገዋል። ይህም ቢሆን ይገድላል።

ሞተሩን ያቃጠሉት ነገሮች

አሁን ወደ ወፍጮው እንመለስ። እንደ ሽማግሌ ዳኝነት ተቀምጠን አንድ በአንድ መረመርን።

አንደኛ፣ ድንጋዩን አየነው። ከተወቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። እናቶቼ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ያልተወቀረ ወፍጮ ክንድ ያዝላል። የእናንተን ክንድ ካዛለ የሞተሩንም ያዝላል። ሞተር ሲከብደው ብዙ አምፔር ይስባል። ብዙ አምፔር ሲስብ ይሞቃል።

ሁለተኛ፣ ሽቦውን አየነው። ወፍጮው ከትራንስፎርመሩ 600 ሜትር ይርቃል። የተዘረጋው የአሉሚኒየም ሽቦ ቀጭን ነበር፤ ውፍረቱ 25 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ውሃ በረጅም ቦይ ሲሄድ በመንገድ እንደሚሰርግ ሁሉ ቮልትም በረጅምና በቀጭን ሽቦ ይቀንሳል። በዚህ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍ ከ380 ቮልት ውስጥ ከ30 በላይ የሚሆነው በመንገድ ይቀር ነበር። ሽቦው 50 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ከ20 በታች በሆነ ነበር። ቮልት ከአሥር አንዱን ሲያጣ ሞተሩ ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ ያ ሞተር ገና ከመነሻው ደካማ ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በአገራችን፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው ይባላል። ያን መድፍ እስከ መቅደላ ያደረሰው የብዙ ሰው ጉልበት ነው። በቀጭን ገመድ የሚጎተት ነገር አልነበረም። ሽቦም እንደዚሁ ነው። ሸክሙ ሲከብድ፣ መንገዱም ሲረዝም፣ ሽቦው ይወፍራል።

ሦስተኛ፣ መከላከያውን አየነው። ከሞተሩ ማስነሻ ሣጥን ውስጥ «ኦቨርሎድ» የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ሥራዋ ዘብ መቆም ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ አምፔር ሲስብ ታጠፋዋለች። በዚያ ወፍጮ ቤት ድንጋዩ ስለ ዶለዶመ፣ ቮልቱም ስለ ወረደ፣ ኦቨርሎዷ በቀን አራት አምስት ጊዜ ታጠፋው ነበር። ሠራተኛው ተሰላቸ። ወረፋ የያዙት ሰዎችም ጮኹበት። እሱም ዘቧን በሽቦ አልፎ አገናኘ። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ አልጠፋም። ሁሉም ደስ አለው። ግን ውሻው አስቸገረ ብሎ ውሻውን አስሮ በሩን ከፍቶ የተኛ ሰው ምን ያገኘዋል?

አራተኛ፣ ፊውዙን አየነው። ፊውዝ ወይም ቫልቮላ የምንለው ሆን ተብሎ ቀጭን የተደረገ ሽቦ ነው። አደጋ ሲመጣ እሱ ተቃጥሎ ቀሪውን ያድናል። በዚያ ወፍጮ ቤት ሦስቱም ፊውዞች ወጥተው በቦታቸው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል።

አምስተኛ፣ መስመሩን አየነው። ያን ሌሊት ነፋስ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመሩን መትቶ ከሦስቱ ፌዞች የአንዱን ማያያዣ አላቆ ነበር። ለወፍጮ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሦስት ሽቦ ነው። ሦስት ሰው አንድ ግንድ ተሸክሞ ሲሄድ አንዱ ቢለቅ ምን ይሆናል? ግንዱ በሁለቱ ላይ ይወድቃል።

ጠዋት ሠራተኛው ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ «እምምም» ብሎ አጉረመረመ እንጂ አልዞረም። ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሠራተኛው ግን ቺንጊያውን በእጁ ስቦ አዞረው። ሞተሩም በሁለት ፌዝ እየተጎተተ ተነሣ። በቀሩት ሁለት ሽቦዎች የሚያልፈው አምፔር ወደ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ይወጣል። ኦቨርሎዷ እንዳታጠፋው ታልፋለች። ፊውዙ እንዳይቃጠል መዳብ ሆኗል። ስለዚህ የተቃጠለው ሞተሩ ነው።

አያችሁ? ሞተሩን የገደለው አንድ ነገር አይደለም። ድንጋይ ባለመወቀሩና ሽቦ በመቅጠኑ ዘቧ ሥራ በዛባት። ሥራ ስለ በዛባት ታሰረች። እሷ በታሰረችበት ሌሊት ሌባው መጣ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሞተር ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

እነዚያ ገበሬዎች ደግመው ገንዘብ ሲያዋጡ አብረን መከርን። የመከርነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ወደ መንደራችን የሚመጣውን ሽቦ እንቁጠር። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለው መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ አንድ ፌዝ ነው። በዚህ የሚሠራው አነስተኛ ወፍጮ ነው። አራት ሽቦ ከሆነ ሦስት ፌዝ አለ፤ ትልቅ ወፍጮ ይሠራል። ሽቦ ሳይቆጥሩ ሞተር መግዛት ቀንበር ሳይኖር በሬ እንደ መጥመድ ነው። ቆጠራው ግን ከመሬት ሆኖ በዓይን ነው፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣ አይኑር።

ቀጥሎ የናፍጣ ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ? መስመር በሌለበት ናፍጣ ይጠቅማል። ነገር ግን አገራችን ደጋ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። የናፍጣ ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር መጭመቂያ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በቆላ 20 የፈረስ ጉልበት የነበረው እዚህ 15 ያህል ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ቢሆንም የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉልበት ብዙውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የታሰበ ነው። ስለዚህ እኛ ደጋ ያለን ሰዎች ከሚያስፈልገው አንድ እርከን ከፍ ያለውን እንግዛ። ማራገቢያውንና የሞተሩን ጎድን ከዱቄት በየቀኑ እናጽዳ። ዱቄት የለበሰ ሞተር ጋቢ ለብሶ እንደሚያርስ ሰው ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰሌዳውን ማንበብ ነው። እያንዳንዱ ሞተር በጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለው። የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ግን አትፍሩ። ቁጥሩ ያው የምታውቁት ቁጥር ነው። ፊደሉንም ከእኛው ፊደል ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ታቹ የሾለ «ሀ» የሚመስለው ቮልት ነው። መሐሉ ላይ አግዳሚ ያለው «ለ» የሚመስለው አምፔር ነው። «ሠ» የሚመስለው ዋት ነው። «380» ከሾለው «ሀ» ጋር ካያችሁ ቮልቱ ነው። «15» ከ«ሠ» ጋር ካያችሁ 15 ኪሎዋት ነው፤ ይኸውም 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። አግዳሚ ባለው «ለ» አጠገብ ያለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ሙሉ ሸክም ሲሸከም የሚስበው አምፔር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉት። የኦቨርሎዷ ጠቋሚ መቆም ያለበት በዚያ ቁጥር ላይ ነው። በ380 ቮልት ለአንድ ኪሎዋት 2 አምፔር ያህል ይታሰባል። የ15 ኪሎዋት ሞተር 30 አምፔር ያህል ይስባል ማለት ነው። ጠቋሚው 45 ላይ ቆሞ ካገኛችሁት ዘቧ ተኝታለች። ፊደል መቁጠር ለዚህም ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ማስነሻው። ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ከልኩ ስድስት እጥፍ ያህል አምፔር ይስባል። የመንደሩ መብራት የሚደበዝዘው ያን ጊዜ ነው። «ስታር ዴልታ» የሚባለው ማስነሻ ይህን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ታዲያ በዚህ ማስነሻ ሲነሣ ጉልበቱም ያን ጊዜ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ እህል አይለቀቅ።

አምስተኛ፣ ፌዝ ሲጎድል በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይግዙ። ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ያ መቆጣጠሪያ ቢኖር ኖሮ ያ ሞተር ዛሬም ይፈጭ ነበር።

ወፍጮው አልሠራ ሲል

ሞተሩ አጉረምርሞ አልዞር ካለ ወዲያው አጥፉት። በእጅ አታስነሡት። ፌዝ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ከጠፋ በኋላ ቺንጊያውን አውልቁ። ሞተሩ በእጅ ሲዞር ከከበደ ወይም ከተንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል። ሞተሩ ቀሎ ድንጋዩ ከከበደ ችግሩ ከወፍጮው ነው።

ኦቨርሎዷ ደጋግማ ካጠፋች አትስደቧት። አንድ ነገር እየነገረቻችሁ ነው። ድንጋዩ ተወቅሯል? እህሉ እርጥብ ነው? ቮልቱ ወርዷል? እነዚህን ጠይቁ።

መስመሩ ከተጠገነ በኋላ ሞተሩ ወደ ኋላ ከዞረ ሁለት ፌዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። ባለሙያው ሁለቱን ሽቦዎች ሲያቀያይራቸው ይስተካከላል። የማያውቅ ሰው ሣጥኑን አይክፈት።

በቤታችን

መብራት ሲጠፋ አስቀድማችሁ ጎረቤት ተመልከቱ። የሁሉም ከጠፋ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ በ905 ስልክ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ይነገር። የእናንተ ብቻ ከጠፋ ብሬከሩን እዩ። ወርዶ ከሆነ ስፒናውን ሁሉ ነቅላችሁ መልሱት። ከዚያ አንድ በአንድ ሰኩ። የትኛው ሲሰካ እንደወደቀ እዩ፤ ጥፋተኛው እሱ ነው።

አንድ ክፉ ምልክት ልንገራችሁ። በአንዱ ቤት አምፖል እንደ ፀሐይ ሲያበራ በሌላው ቤት ከደበዘዘ፣ የመመለሻው ሽቦ፣ ኒውትራል የሚባለው፣ ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቮልቱ ከልክ በላይ ይሆናል። ሁሉንም ወዲያው አጥፉ፤ ጎረቤትም ጥሩ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችሁ እናቶች፣ ስሙኝ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 350 አምፖሎች ማለት ነው። አምፔሩ 16 ያህል ይሆናል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ማሳለፍ ቤት ማቃጠል ነው። ለምጣዱ የራሱ መስመር ይዘርጋለት፤ ሽቦው 4 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ ብሬከሩ 20 አምፔር ይሁን። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በቢላዋ ፋቁ። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም፤ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አትግዙት።

ሞትን የሚያመጣው ነገር

በክረምት ሽቦ ይወድቃል። የወደቀ ሽቦ የሞተ እባብ አይደለም። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ከብቶቹን መልሱ፤ ሕፃናትን ከልክሉ። ሰው አቁማችሁ ጠብቁ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎትም ላኩ። ከብት በምሰሶ ወይም ምሰሶውን በያዘው የብረት ገመድ አትሰሩ። ባሕር ዛፍ ከመስመር ሥር አትትከሉ። የተተከለውንም ራሳችሁ አትቁረጡት፤ ሽቦው ላይ ሊወድቅ ይችላልና አስቀድማችሁ ንገሩ። መብረቅ ሲበዛ ስፒናውን ንቀሉ።

በቤት ውስጥ ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በባዶ እጃችሁ አትንኩት፤ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ። መጀመሪያ አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን አርቁለት። ከትልቁ መስመር ሽቦ ጋር ከሆነ ግን መስመሩ ሳይቋረጥ በእንጨትም አትቅረቡ። ከለቀቀው በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሌላው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጥ። ቢነሣም እንኳ ለሐኪም ይታይ።

ወገኖቼ! ያ መንደር ሁለተኛ ሞተር ገዛ። ድንጋዩ የሚወቀርበት ቀን ግድግዳ ላይ ተጻፈ። የኦቨርሎዷም ቁጥር ከጎኑ በትልቁ ተጻፈ። ቁጥሩን የጻፉት ፊደል የቆጠሩት ገና በጉልምስናቸው የሆነ አንዲት እናት ናቸው። እህል ሊያስፈጩ በመጡ ቁጥር ሣጥኑን በመስኮቱ በኩል ያዩና ከግድግዳው ጋር ያመሳክራሉ። ሠራተኛው ሲስቅ «ልጄ፣ የሸጥኩት በግ እዚህ ውስጥ ነው» ይሉታል።

እናንተም ነገ ወደ ወፍጮ ቤታችሁ ሂዱ። ሰሌዳውን አንብቡ፤ ጠቋሚውን እዩ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ኮሚቴውን ሰብስባችሁ ባለሙያ አስጠሩ። ሞተሩ ሳይጨስ ጠይቁ።